የአጎቴ ቤትና ጠበቃ ፈጠነ

ጠበቃ ፈጠነ ሞተ ሲሉኝ ከትራክተሩ ተጎታች ሥር ተጋድሜ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። ወሬውን ያመጣው ከአሶሳ ናፍጣ ጭኖልን የመጣ ሾፌር ነው። «ያ ጠበቃችሁ ትናንት ዐረፈ» አለኝ። «ከምን ሥራ?» አልኩት። ሾፌሩን ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አፉን በመዳፉ ከደነ። ሙት ወቃሽ አትሁን እንደሚባል እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውየውን በቁሙም ስወቅሰው ነው የኖርኩት፤ ሞተ ብዬ አመሌን ብለውጥ እሱ ራሱ አያምነኝም።

በዕድሜዬ ደግ ሰው አይቻለሁ፣ ክፉም አይቻለሁ፣ የብዙዎቹን መልክ ረስቼዋለሁ። የጠበቃ ፈጠነን ግን የጣቱን ቀለበት እንኳ አልረሳሁም። ወላጆቹ ምን አይተው ፈጠነ እንዳሉት ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሱ ጋር ያገናኘን የአጎቴ የሁሴን ሞት ነው። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበር። እኛ ገና ወሎ ሳለን እሱ አሶሳ ገብቶ ጨውና አቡጀዲ ይነግድ ነበር። ከገበያው ወረድ ብሎ በቀርከሃና በጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ፤ ደጇ ላይ ማንጎ ተከለ። ሚስቱ ሳትወልድ ሞተችበት፣ ሌላ አላገባም። ያ ድርቅ መጥቶ መንግሥት እኛን በመኪና እየጫነ አሶሳ አካባቢ በቁጥር በሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች ሲያራግፈን፣ አጎቴ መኪና ገባ በተባለ ቁጥር ሱቁን እየዘጋ ይወጣና የሰው ፊት ሲያይ ይውል ነበር። አንድ ቀን ከነዚያ ፊቶች መሃል የእናቴን አገኘ። አጠገቧ እኔና ሁለት ታናናሽ እኅቶቼ ነበርን።

አግኝቶም ሊወስደን አልቻለም። የሰፈረ ሰው የመንደሩ ነው፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከተማ አይረግጥም። በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱን እኅቶቼን ወባ አከታትሎ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ እናቴ መንደሩ ውስጥ ትኖር ነበር እንጂ መንደሩን ቀና ብላ አታየውም። አጎቴ ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር «ቤቱ ያንቺም ነው፤ አስፈቅጄ አንድ ቀን አስገባሻለሁ» ይላታል። በዚያች ቃል ነበር ውላ የምታድረው። ሳያስገባት ሞተ።

ቀበሌው ቤቱን አሸገው። ሊቀመንበሩ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን አፍረጥርጦ ነገራት። የሟች ወራሽ ነች የሚል የፍርድ ቤት ውሳኔ ክረምት ሳይጠና ካመጣች ቤቱ የሷ ነው፣ በከተማ ነዋሪነትም ትመዘገባለች፣ ከመንደሩም ትለቀቃለች። ካላመጣች ቤቱ ለኪራይ ይውላል። እናቴ ልጆቿን ከቀበረችበት ቦታ የምትወጣበት በር ያ ብቻ ነበር። የበሩን ቁልፍ ደግሞ ሄዳ ለጠበቃ ፈጠነ ሰጠችው።

ሌላው ጠበቃ ደንበኛውን የሚጠብቀው ቢሮው ቁጭ ብሎ ነው። ይህ ሰው ግን የሚጠብቀው ለቅሶ ቤት ነበር። ከነቀምት የመጣ፣ ረዘም ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። የሞተውን ሰው አወቀውም አላወቀው ከፊት ረድፍ ይቀመጣል፣ ነጠላውን ያጣፋል፣ አንገቱን ይደፋል፤ ከዚያ አጠገቡ ላለው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ «ልጅ አለው? ቤቱ በማን ስም ነው?» ይላል። በአጎቴ ለቅሶም እንዲሁ አደረገ። ቀስ ብሎ እናቴ ዘንድ ተጠጋና የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ሰዓቱን የማውለቅ አመል ነበረው። ያየው ሰው ሁሉ ጊዜው ውድ የሆነ ሰው ይመስለዋል፤ እኛም መስሎናል። «አብሽሩ እማማ» አላት፣ በኛው በወሎዎቹ ቋንቋ። እናቴ ከዚያች አንዲት ቃል በኋላ የሰማችው ነገር ያለ አይመስለኝም።

በሰደቃው ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የአጎቴ የግድግዳ ጎረቤትና ወዳጅ የነበሩት የበርታው ሽማግሌ ሼህ በሽር ባሉበት፣ እናቴ ተነሥታ «አላህና እናንተ ምስክሬ ናችሁ፤ ወኪሌ ይህ ሰው ነው» አለች። ፋቲሃ ተቀራ። በማግሥቱ ውክልናው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ለኔ ውክልና የማግሥቱ ነበር፤ ለእናቴ ግን የሰደቃው ቀን ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ምን እንዳደረገን እነግራችኋለሁ።

ሌላም ነገር ተጀመረ በዚያ ቀን። ጠበቃ ፈጠነ ክርስቲያን ነው፣ እኛ ያረድነውን አይበላም፤ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ያደግንበት ነገር ስለሆነ ማንም በማንም አይቀየምም። እናቴን ግን ወኪሏ ከሰደቃዋ ጦሙን መሄዱ ከነከናት። ስለዚህ አንዲት ዶሮ ከነነፍሷ እግሯን አሰረችና «ቤትዎ ያሳርዱልኝ» ብላ አስያዘችው። ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ያለ ዶሮ ጠበቃዋ ዘንድ ሄዳ አታውቅም።

እስቲ አስቡት አካሄዳችንን። መጀመሪያ የመንደሩን ካድሬ ደጅ ጠንታ ይለፍ ትለምናለች። ካድሬው የፍርድ ቤት ጉዳይ ሲሉት ዓይኑ ይጠባል፤ ሰው ከመንደሩ ሾልኮ ሊቀርበት ይመስለዋል። እኔ የትራክተር ረዳት ስለነበርኩ ከተማ መግባት አይቸግረኝም። እሷ ግን ወሩን ጠብቃ፣ ተጎታቹ ላይ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ተጭና፣ ዶሮዋን ታቅፋ፣ አቧራ ለብሳ አሶሳ ትገባለች። የጠበቃው ቢሮ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ያለው ልብስ ሰፊ ከመኪናው ቀና ይልና «አሁን ወጣ፤ መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?» ይላል። ሁልጊዜ አሁን ነው የወጣው። አሶሳ ያኔ ስንት መንገድ ነበራትና ነው የምንተላለፈው? ቤቱ ስንሄድ እሱ የለም። ዶሮ የሚቀበል ሰው ግን አንድም ቀን ታጥቶ አያውቅም፤ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ትልና «ምነው ተቸገራችሁ» እያለች ትወስዳለች።

አልፎ አልፎ ከተገኘም ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ጣቱን ያነሣል። «እማማ፣ ፋይሉ እየበሰለ ነው።» ይቺ ነች ቃሉ። ምን እንዳበሰለው፣ በምን እሳት እንደሆነ አይናገርም። ሁዳዴ ሲሆን ዳኛውን ጦም አድክሞታል ይለናል፤ ፋሲካ ሲሆን ደግሞ ዳኛው ከፋሲካ አልተነሣም። ቀጥሎ ሜይ ዴይ ይለፍ አለን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው የሆነብን። እናቴ ግን እየወጣች «የተማረ ሰው ነገሩን አይዘረግፍም» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ግን ቀጠሮ ተቆረጠልን፤ የተቆረጠውም በሱ ጥረት ሳይሆን ተራው ደርሶ ነው። እናቴ ይለፍ ተከለከለችና እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ችሎቱ ተሰየመ፣ የአጎቴ ስም ተጠራ፣ የጠበቃ ፈጠነም ስም ተጠራ። ደግመው ጠሩ። እኔ ተነሥቼ የወራሿ ልጅ ነኝ አልኩ። ጠበቃ ያለው ሰው በጠበቃው ነው የሚናገረው፣ ፈልገህ አምጣው ተባልኩ። ሮጥኩ። ቢሮው ጓጉንቸር ነው፣ ቤቱም የለም። መጨረሻ ላይ የት አገኘሁት? ከአንድ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ቤት፣ ከፊት ረድፍ፣ ንፍሮ በእጁ ይዞ። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ ችሎት እየተጠራን መሆኑን ነገርኩት። ጣቱን አነሣ። «ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነገር አይነሣም። ነውር ነው» አለኝ፤ ዝግ ብሎ ሳይሆን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ ገላመጠኝ። አንዲት ሴትዮማ የዛሬ ልጅ ብለው ተፉ። ስመለስ መዝገባችን ባለጉዳይ አልቀረበም ተብሎ ተዘግቶ ነበር።

ያን ቀን መንደር ስገባ ለእናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኳት፦ ይህን ሰው አባሪው። እምቢ አለች። ጥፋቱ አልታይ ብሏት አይደለም፤ ከኔ አብልጣ ታየዋለች። ግን በሰደቃ ቀን፣ ፋቲሃ ተቀርቶ፣ አላህን ጠርታ ወኪሌ ያለችውን ሰው መንገድ ላይ መጣል ቃል ማፍረስ ሆነባት። «እሱ ቃሉን ቢበላ እኔም ልብላ?» አለችኝ። እኔ ስለ ቤቱ እናገራለሁ፣ እሷ ስለ ቃሏ ትናገራለች። ሰማዩ በበኩሉ ይጠቁር ጀመር። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው፤ እኔም አንዳንድ ቀን እየተናደድኩ ትራክተሩ ላይ ነበር የማድረው። ይሉኝታችንን እስከ ዛሬ አልወደውም። ለሚያውቅበት ሰው ጌጥ ነው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን እንደ ፈጠነ ያለ ሰው ሲቀለብበት ነው።

በመጨረሻ ሼህ በሽርን ለመንኳቸው። ከአሶሳ ድረስ በተጎታቹ መጡልን። እናቴ ፊት ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው እንዲህ አሏት፦

«እህቴ፣ ወኪል አማና ነው። አማና የጣለ ሰው፣ እሱ ራሱ ወጣ። እርስዎ አላስወጣም። ሁሴን የኔ ጎረቤት ነው። ቤቱ ሲዘጋ የኔ ልብ ደስ አይልም።»

እናቴ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ግን ሌላ ነገር አመጣች፦ ሰውየውን የምታሰናብተው እንደ ሰው ፊት ለፊት፣ በምስክር ነው እንጂ ከጀርባው አይደለም። አሁንም ይለፍ ተለመነ፣ አሁንም ቀን ሄደ። ዶሮ ግን አልያዘችም። ይህን ሳይ ነገሩ እውነት መሆኑን አመንኩ።

ቢሮው ያገኘነው ዝናብ አስጠልሎት ነው፤ የገዛ ቢሮው እንደ መንገደኛ ነበር የሚገባው። ሦስታችን ውሃ እያንጠፈጠፍን ገባን። እናቴ ቆማ እጇን አጣምራ፣ ሳትቸኩል ተናገረች። «ጌታው፣ ለወንድሜ ለቅሶ ደርሰውልኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ካሁን ወዲያ ግን ውክልናዬን ይመልሱልኝ። የበደሉኝንም አፉ ብያለሁ።»

ጠበቃ ፈጠነ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናቴን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ሼህ በሽርን አያቸው። «እማማ፣ የርስዎ ጉዳይ የትኛው ነበር?» አለ።

ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ ዶሮ! ሼህ በሽር «የሁሴን ቤት» አሉት። ፊቱ በራ። «አዎ፣ የሟች ሁሴን! እሱማ ፋይሉ እየበሰለ ነው። አሁን ቢተዉት ያርራል።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም። «እንግዲያው ሲበስል እርስዎ ይብሉት» አለችው። «ዶሮውንም እንዲያ ነው ያደረጉት።»

ሼህ በሽር የጥምጣማቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። እኔ በራፖር ጸሐፊ ያጻፍነውን የውክልና መሻሪያ ዘረጋሁለት። አነበበው። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣና ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ የጎደለ አራት ነጥብ ጨመረበት። ይኸውላችሁ፣ ጠበቃ ፈጠነ ለእናቴ የሠራላት ሥራ ያ አራት ነጥብ ነው።

መዝገቡን እኔና እናቴ በራሳችን እንደገና አስከፈትን። ግን ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነበርና ቀጠሮው ለጥቅምት ተሰጠን። የቀበሌው ሊቀመንበር እጁን ዘረጋ፤ እስካልኩት ቀን ጠብቄላችሁ ነበር፣ ከዚህ በላይ እኔም እጠየቃለሁ አለ። እውነቱን ነው። እሽጉ ተነሣ፣ ቤቱ ለኪራይ ዋለ። በጥቅምት ዳኛው እናቴ ወራሽ መሆኗን በሁለት ቃል ወሰነላት፤ የምትወርሰው ነገር ግን አልነበረም። እናቴ መንደር ተመልሳ በቆሎዋን ሸለቀቀች።

ይህ ብቻ ቢሆን እኔም ከብዙ ሰነፎች እንደ አንዱ ቆጥሬው እረሳው ነበር። በዚያው በጋ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቀርከሃ አድርሰን ስንመለስ በአጎቴ ቤት በኩል አለፍን። ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሌላ በርጩማ አለ፣ በርጩማው ላይ ሰዓት። ጠበቃ ፈጠነ ነው። ቀድሞ የተከራየው ቤት ስላፈሰሰበት ለቀበሌው አመልክቶ ባዶ የተገኘውን ቤት ሰጥተውታል። ሾፌሩን ቁም አልኩት። ጠበቃው አወቀኝ፣ እጁንም አነሣልኝ።

«አንተ፣ የእናትህ ጉዳይ ምን ደረሰ?» አለኝ። ከአጎቴ ማንጎ ሥር ሆኖ፣ ከኋላው የአጎቴ በር ተከፍቶ።

ፊቱን አየሁት። ተንኮል ፈለግኩበት። የለም። የማን ቤት እንደገባ አላወቀም፤ ማወቅም ሥራ ነውና አልደከመበትም። ሸርቦ፣ ለሊቀመንበሩ ጉቦ ሰጥቶ፣ መዝገባችንን ሆን ብሎ አዘግቶ ቢሆን ኖሮ እጠላው ነበር፤ ሌባ እንኳ ሌሊት ይነሣል፣ አጥር ይዘላል። ይህ ሰው ግን ቁጭ ባለበት ነው ቤታችን የወደቀለት። «እየበሰለ ነው» አልኩት። «ጎሽ፣ ሕግ አይቸኩልም» አለኝ።

ለእናቴ ልነግራት ብዙ ቀን ፈራሁ። ስነግራት «ብላ ብዬው የለ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሣችም፣ አሶሳም አልወረደችም፤ በዚያ ደጅ ማለፍ አልፈለገችም።

ስለዚህ ሾፌሩ የነገረኝን ይዤ ቤት ስገባ «ደግ አደረገው» ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ከግድግዳው አወረደች። «ለቅሶው የት ነው?» አለችኝ። እዚያው ቤት ነው አልኳት። «ውሰደኝ» አለች። ለዚያ ሰው ነው የምታለቅሺው ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ካድሬውም ለለቅሶ ሲባል ሳያንገራግር ይለፉን ጻፈ። ለችሎት ብንለምነው የነሣንን!

ግንቦት ነበር። ማንጎው ሥር ሰው ሞልቷል፣ ከፊት ረድፍ አንድ ሌላ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እናቴ በሰው መሃል አለፈች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመችና የበሩን መቃን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከላይ እስከ ታች። ያን ቤት ከወንድሟ ለቅሶ ወዲህ ገና መርገጧ ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸች። «ወንድሜዋ! አስገባሻለሁ ያልከኝ ወንድሜዋ! ይኸው ገባሁልህ!» አለች። ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ያልተለቀሰላቸውን ሁለቱን ልጆቿን ሳይቀር በየስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የለቅሶ ቤቱ ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ተነሡ። ወንዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ «ጠበቃ ማለት እንዲህ ሲለቀስለት ነው» ሲል ሰማሁት። ከአጥሩ በኩል ሼህ በሽር ብቻ ናቸው ለማን እንደሚለቀስ የገባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ስንነሣ የጠበቃው ሚስት መጥታ እናቴን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። እንዲህ የሚያለቅስለት ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር አለቻት። ከዚያ ልጅ ልካ ከዛፉ ማንጎ አስወረደችና በእናቴ ነጠላ ጫፍ ቋጠረችላት፣ ለመንገድ።

ተጎታቹ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማውን ወጣን። እናቴ ቋጠሮዋን ፈታች፣ አንዱን አሸት አሸት አደረገችና ሰጠችኝ። የሱን ቤት ነገር አልበላም አልኳት።

«ብላ» አለችኝ። «የአጎትህ ነው።»

በላሁት። እንደዚያ የጣመኝ ማንጎ የለም፤ ይህን ማለቴ ሟቹን ማመስገኔ እንዳይመስላችሁ።